ለሚንቀራፈፍ ላፕቶፕ ሊኑክስ ሚንት፦ ከባክአፕ እስከ አማርኛ ኪቦርድ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል እህቴ ከፍኖተ ሰላም ደወለችልኝ። «ወንድም ዓለም፣ ይች ላፕቶፕ ልጅቱን አስለቀሰቻት» አለችኝ። ልጅቷ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ላፕቶፑ በርካሽ የተገዛ ነው፤ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ማስቀመጫ፣ ሴሌሮን ፕሮሰሰር። እስኪከፈት ቡና ተቆልቶ አቦል ይደርሳል። ዎርድና ብሮውዘር አንድ ላይ ከተከፈቱማ ስታክ ያደርጋል። ደብረ ማርቆስ እኔ ጋ ይዛው መጣች። በዊንዶውሱ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት ጫንሁበት። አሁን አሳይመንቷን የምትሠራው በእሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ የጓደኞቿ ጥያቄ በዛብኝ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ ልጻፈው ብዬ ነው። ረጋ ብላችሁ ካነበባችሁት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። መጫኑ ራሱ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጀው። ሰው የሚጎዳው ከመጫኑ በፊት ባለው ዝግጅት ስለሚቸኩል ነው። ስለዚህ እኔም እዚያ ላይ ረዘም እላለሁ።

ለእናንተ ይሆናል ወይ?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ማስቀመጫና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል። ብዙ ርካሽና ያገለገሉ ላፕቶፖች ይህን አያሟሉም። ቢያሟሉም ለጥቂቱ ነው፤ ዊንዶውሱ ራሱ ሲነሳ ራሙን ይይዘውና ለእናንተ ሥራ የሚተርፈው ትንሽ ነው።

ሊኑክስ በነፃ የሚገኝ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። መሠረቱን በ1991 እ.ኤ.አ. የጣለው ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የፊንላንድ ተማሪ ነበር። ዛሬ ብዙ ዓይነት አለው። እኔ ለጀማሪ የምመርጠው ሊኑክስ ሚንትን ነው። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሲሆን በኡቡንቱ ላይ የተሠራ ነው። መልኩ ዊንዶውስ ለለመደ ሰው እንግዳ አይሆንበትም፤ ከታች በግራ ሜኑ አለ፣ በቀኝ ሰዓትና ዋይፋይ አለ። 22ኛው ትውልድ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድረስ ማሻሻያ ይደርሰዋል።

ሚንት በሦስት መልክ ይመጣል፤ ሲናሞን፣ ማቴና ኤክስኤፍሲኢ። ራማችሁ 4 ጊጋ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሳታመነቱ ኤክስኤፍሲኢን ውሰዱ። ከሦስቱ ቀለል ያለው እሱ ነው። ሚንት ራሱ ቢያንስ 2 ጊጋ ራምና 20 ጊጋ ቦታ ይላል። በ2 ጊጋ ይነሳል፤ ብዙ ታብ ከፍቶ መሥራት ግን አይታሰብም። አንድ ነገር ደግሞ አረጋግጡ፦ ፕሮሰሰሩ 64 ቢት መሆን አለበት። በዊንዶውስ ሴቲንግስ ውስጥ «ሲስተም»፣ ከዚያ «አባውት» ብትሉ ይታያችኋል።

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ። አካውንቲንግ የምትማሩና ፒችትሪ የምትሠሩ ከሆነ ዊንዶውሱን አታጥፉት። ፒችትሪ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። አውቶካድና ፎቶሾፕም እንደዚያው፤ ማይክሮሶፍት ኦፊስም ሊኑክስ ላይ አይጫንም። ለጽሑፍ፣ ለሠንጠረዥና ለፕሬዘንቴሽን ሊብረኦፊስ አብሮ ይመጣል፤ የዎርድና የኤክሴል ፋይሎችን ይከፍታል። ለፒችትሪ ግን ምትክ ብዬ የማቀርበው ነገር የለኝም።

ሌላም ልጨምር። ላፕቶፓችሁ የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ ያለው አሮጌ ከሆነና ትንሽ ገንዘብ ካላችሁ፣ ሀርድ ዲስኩን አውጥታችሁ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ማስቀመጫ) አስገቡበት። ሶፍትዌር ከመቀየርም በላይ ፍጥነቱ ላይ ለውጥ ታያላችሁ። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ ነው ምርጡ። በአዳዲሶቹ ርካሽ ላፕቶፖች ላይ ግን ማስቀመጫው ከቦርዱ ጋር የተበየደ ኢኤምኤምሲ ስለሆነ አይቀየርም።

ባክአፕ

ከዓመታት በፊት ቡሬ ላይ የአጎቴ ልጅ ላፕቶፑ አልነሳ አለውና ሰጠኝ። «ፎርማት አድርግልኝ» አለኝ፣ አደረግሁለት። ማታ ደስ ብሎት ከፈተውና «የሠርጉ ፎቶ የት ሄደ?» አለኝ። የሠርጉ ፎቶ ያለው እዚያ ብቻ ነበር። ሚስቱ ምንም አላለችኝም። ዝም ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ስለዚህ ይህን ክፍል እባካችሁ እንዳትዘሉት።

ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ዳውንሎድስ፣ ፒክቸርስ፤ አራቱንም በየተራ ክፈቷቸውና በእጃችሁ ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ውጪ ዲስክ ቅዱ። «ሁሉም ፍላሼ ላይ አለ» የሚል ሰው አትመኑ፤ ራሳችሁንም ቢሆን። ከሲ ውጪ ዲ የሚባል ክፍል ካለም እዩት። የቴሌግራም ፋይሎች ዳውንሎድስ ውስጥ ለብቻቸው ፎልደር አላቸው። በብሮውዘሩ ላይ ያስቀመጣችኋቸውን የይለፍ ቃሎች ጻፏቸው። የቀዳችሁትን ደግሞ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ሁለት ሦስት ፋይል ከፍታችሁ እዩ። ተቀዳ ማለትና ይከፈታል ማለት አንድ አይደለም።

በአዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ዲስኩ በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ በቢትሎከር፣ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። ሴቲንግስ ውስጥ «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» ብላችሁ ፈልጉ። በርቶ ካገኛችሁት አጥፉትና እስኪጨርስ ጠብቁ። አለበለዚያ ባዮስ (ከዊንዶውሱ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ መቆጣጠሪያ ገጽ) ውስጥ አንድ ነገር ነክታችሁ ስትመለሱ ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ ይጠይቃችኋል፤ ቁልፉን ደግሞ ያኔ ማን ያስታውሰዋል?

የዊንዶውስ ፈቃዱ ይጠፋብኛል ብላችሁ ከፈራችሁ፣ ከፋብሪካው ዊንዶውስ 8 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የመጡ ላፕቶፖች ቁልፉን ቦርዳቸው ውስጥ ይዘውታል። ያንኑ ዊንዶውስ ተመልሳችሁ ብትጭኑ ራሱ ያገኘዋል።

ማውረድ

የሚወርደው ፋይል አይኤስኦ ይባላል። ወደ 3 ጊጋ ይጠጋል። በእኛ አገር ዳታ ይህ ቀላል አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ዋይፋይ ያላችሁ እሱን ተጠቀሙ፤ የሌላችሁ ደግሞ በሌሊት ፓኬጅ አውርዱ።

ከሊኑክስ ሚንት ዋና ድረ ገጽ ላይ «ዳውንሎድ» ውስጥ ገብታችሁ ኤክስኤፍሲኢን ስትመርጡ ሁለት መንገድ ይሰጣችኋል፦ በቀጥታ ወይም በቶረንት (ፋይሉን ቁራጭ በቁራጭ የሚያወርድ፣ የራሱን ፕሮግራም የሚፈልግ መንገድ)። ቶረንቱን ምረጡ። ምክንያቴ ሁለት ነው። መብራት ሄዶ ወይም ኔትወርክ ተቆርጦ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። ደግሞም እያንዳንዱን ቁራጭ ሲያወርድ ራሱ ያረጋግጣል፤ ስለዚህ የተበላሸ ፋይል አይሰጣችሁም። በብሮውዘር በቀጥታ ስታወርዱ ግን በ98 በመቶ ላይ ተቋርጦ ከዜሮ ሊጀምርባችሁ ይችላል።

በቀጥታ ያወረዳችሁ ወይም ከጓደኛ የተቀበላችሁ ከሆነ ፋይሉ ያልተበላሸ መሆኑን አጣሩ። ሰቨን ዚፕ ካላችሁ ፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና ሻ 256 የሚለውን ምረጡ። 64 ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ረጅም መስመር ያወጣል። ሚንት ድረ ገጽ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። ከመጀመሪያ 6፣ ከመጨረሻ 6 ከተመሳሰለ ብልሽት የለበትም ማለት ነው።

ፍላሹ

8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል። ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ የመዝሙር ፍላሻችሁን አትጠቀሙ።

ሩፈስ የሚባል ትንሽ ነፃ ፕሮግራም አውርዱ። መጫን አያስፈልገውም፤ ዝም ብላችሁ ክፈቱት። ከላይ ፍላሻችሁን ይመርጣል፤ ስሙንና መጠኑን እዩ። «ሴሌክት» ብላችሁ አይኤስኦውን ስጡት። ላፕቶፑ ካለፉት አሥር ዓመታት ወዲህ የተሠራ ከሆነ የፓርቲሽን ዓይነቱን ጂፒቲ አድርጉት። «ስታርት» በሉ። በአይኤስኦ ወይስ በዲዲ መንገድ ልጻፍ ብሎ ከጠየቀ የመጀመሪያውን፣ አይኤስኦ የሚለውን ተቀበሉ። አረንጓዴው መስመር ሞልቶ «ሬዲ» ሲል ፍላሹን በሥርዓቱ ኢጀክት አድርጉ።

ከፍላሽ ማስነሳት

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ነው። ዊንዶውሱ የሚነሳ ከሆነ ቀላሉ መንገድ ይህ ነው፦ ፍላሹን ሰክታችሁ፣ ሺፍት ቁልፍን ተጭናችሁ ይዛችሁ፣ «ሪስታርት» በሉ። ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። «ዩዝ ኤ ዲቫይስ» የሚለውን ግቡና ፍላሹን ምረጡ። የላፕቶፑ ዓይነት አያስጨንቃችሁም።

ያ ካልሆነ ላፕቶፑን አጥፍታችሁ አብሩትና ወዲያው ቁልፍ እየደጋገማችሁ ምቱ። ለኤችፒ ኤፍ9 ነው፤ ወይም ኢስኬፕ ነክታችሁ ዝርዝሩን ማየት ትችላላችሁ። ለዴል፣ ለብዙ ሌኖቮና ለቶሺባ ኤፍ12 ነው። ለአሱስ ላፕቶፕ ኢስኬፕ ነው። ኤሰርም ኤፍ12 ነው፤ ግን አንዳንዱ ላይ በቅድሚያ በኤፍ2 ባዮስ ገብታችሁ መፍቀድ አለባችሁ። አምራቹ ምልክቱን ካሳየ በኋላ አትጀምሩ፤ ይዘገያል። ማብሪያውን ነክታችሁ እጃችሁን ሳታሳርፉ ቁልፉ ላይ አድርጉ።

ስለ ደኅንነት ጥሰት የሚናገር መልዕክት አምጥቶ አልነሳ ካለ ባዮስ ውስጥ ግቡና ሴኪውር ቡትን (ያልታወቀ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለውን) አጥፉት።

ሳትጭኑ ሞክሩት

ጥቁር ገጽ ላይ «ስታርት ሊኑክስ ሚንት» የሚል ዝርዝር ይመጣል። ኢንተር በሉ። ትንሽ ቆይቶ ሙሉ ዴስክቶፕ ይከፈታል። እስካሁን ምንም አልተጫነም፤ ዊንዶውሱም ፋይሎቻችሁም እንዳሉ ናቸው። ሚንት እየሠራ ያለው ከፍላሹና ከራሙ ላይ ነው።

እኔ ቡሬ ላይ ያላወቅሁት ይህን ነው። ዊንዶውሱ ባይነሳም ዲስኩ ደህና ከሆነና ካልተቆለፈ፣ እዚህ ሆናችሁ ፋይል ማናጀሩን ከፍታችሁ ፎቶዎቹን ወደ ሌላ ፍላሽ መቅዳት ትችላላችሁ። ያን ጊዜ ባውቀው ኖሮ የሠርጉ ፎቶ ይተርፍ ነበር። ባክአፑ ላይ የዘለላችሁት ነገር ካለ አሁንም አልረፈደም።

ከዚያ ዕቃውን ፈትሹ። ዋይፋዩ ኔትወርክ ያያል? ድምፁ ይሰማል? ብርሃኑ ከፍ ዝቅ ይላል? ካሜራው፣ ታችፓዱ? በተለይ ዋይፋዩን። አንዳንድ የዋይፋይ ቺፖች ተጨማሪ ድራይቨር ይፈልጋሉ። ዋይፋዩ እንቢ ካለ ስልካችሁን በቻርጀር ገመዱ ላፕቶፑ ላይ ሰክታችሁ «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» አብሩ። በዚያ ኢንተርኔት ታገኛላችሁ፤ ከተጫነ በኋላ «ድራይቨር ማናጀር» ውስጥ ገብታችሁ የጎደለውን ታስጭናላችሁ።

ከፍላሽ ሲሠራ ቀርፋፋ መሆኑ አያስደንግጣችሁ። ከተጫነ በኋላ እንደዚያ አይደለም።

መጫን

በቅድሚያ ቻርጀሩን ሰኩ። ባትሪው ብቻውን ቢያንስ አንድ ሰዓት መያዙን አስቀድማችሁ ሞክሩ። የልጅቷን ላፕቶፕ ስጭን መሀል ላይ መብራት ሄደብኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ቤቱ ጨልሟል፣ ስክሪኑ ብቻ ያበራል። ባትሪው 71 በመቶ ስለነበረ ሥራው አልተቋረጠም። የእናንተ ባትሪ የሞተ ከሆነ ጄኔሬተር ያለበት ቦታ ሂዱ። ቢቋረጥባችሁም ላፕቶፑ አይበላሽም፤ ከፍላሹ አስነሥታችሁ ከመጀመሪያው ትጭናላችሁ።

ዴስክቶፑ ላይ ያለውን «ኢንስቶል ሊኑክስ ሚንት» የሚለውን ሁለቴ ንኩ። ቋንቋ ይጠይቃል። አማርኛም አለ፤ ግን ትርጉሙ ሙሉ ስላልሆነና ችግር ሲገጥማችሁ መፍትሔውን በእንግሊዝኛ ስለምትፈልጉት እንግሊዝኛውን እመክራለሁ። አማርኛ መጻፍ ይህን አይጠብቅም፤ ኋላ እንደርስበታለን። ኪቦርዱን እንዳለ ተውት። የመልቲሚዲያ ኮዴክ የሚለውን ሳጥን ምልክት አድርጉበት፤ ያለ እሱ አንዳንድ ቪዲዮ አይከፈትም። እዚህ ላይ የይለፍ ቃል ከጠየቃችሁ ሴኪውር ቡት በርቶ ስላለ ነው። ቃል ስጡትና ወረቀት ላይ ጻፉት። ላፕቶፑ ድጋሚ ሲነሳ በሰማያዊ ገጽ ላይ «ኢንሮል ሞክ» ሲላችሁ ያንን ቃል ታስገባላችሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው ዋናው ጥያቄ ነው።

«ኢንስቶል አሎንግሳይድ» ማለት ዊንዶውሱን ሳያጠፋ ጎን ለጎን ይጭናል ማለት ነው። ላፕቶፑ ሲነሳ የትኛውን እንደምትፈልጉ ይጠይቃችኋል። ፒችትሪ ለምትፈልጉ መንገዱ ይህ ነው። ግን ሰፊ ዲስክ ይፈልጋል። 500 ጊጋ ላይ ለሚንት 60 ወይም 100 ጊጋ ስጡት። 64 ጊጋ ላይ ሁለቱን ማስቀመጥ ግን አልመክርም፤ ሁለቱም ይታፈናሉ። ይህን ከመምረጣችሁ በፊት ዊንዶውስ ውስጥ «ፋስት ስታርታፕ» የሚለውን አጥፉ፤ ካልጠፋ ዊንዶውሱ ዲስኩን እንደያዘው ነው የሚተኛው።

«ኢሬዝ ዲስክ» ማለት ሁሉንም አጥፍቶ ሚንትን ብቻ ይጭናል። ለልጅቷ የመረጥሁት ይህን ነው። ከአንድ በላይ ዲስክ ካሳያችሁ በመጠኑ ለዩት። 64 ጊጋ የተባለው 62 ገደማ ሆኖ ይታያል፤ ፍላሻችሁ ደግሞ 8 ነው። «ኢንስቶል ናው» ብላችሁ የማረጋገጫው ጥያቄ ሲመጣ ቆም በሉ። እስካሁን ያደረጋችሁት ሁሉ ይመለሳል። ከዚህ በኋላ ግን መመለሻ የለም። የቀዳችሁትን አስቡ፣ ከዚያ «ኮንቲኒው» በሉ።

ዲስኩ ጭራሽ ካልታየው፣ በኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ባዮስ ውስጥ የማስቀመጫው አሠራር አርኤስቲ ወይም ቪኤምዲ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ኤኤችሲአይ ወደሚለው ቀይሩት። ዊንዶውሱን ለማቆየት ካሰባችሁ ግን ሳታጠኑ አትንኩት፤ ዊንዶውሱ እምቢ ሊላችሁ ይችላል።

የቀረው ቀላል ነው። የሰዓት ክልል አዲስ አበባ። ስም፣ የይለፍ ቃል። ይለፍ ቃሉን እንዳትረሱት፤ ፕሮግራም በጫናችሁ ቁጥር ይጠይቃችኋል። ሲጨርስ «ሪስታርት» በሉ፤ ፍላሹን አውጡና ኢንተር ንኩ ሲላችሁ እንዳላችሁ አድርጉ።

ከተጫነ በኋላ

«አፕዴት ማናጀር» ማሻሻያ አለ ይላችኋል። የመጀመሪያው ብዙ መቶ ሜጋ ሊሆን ስለሚችል ዳታ ሲኖራችሁ ጠብቁ። ሳትፈቅዱለት አይጀምርም። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ካርዳችሁን በሌሊት ጨርሶ አያስደነግጣችሁም።

አሁን አማርኛው። «ሶፍትዌር ማናጀር» ውስጥ ገብታችሁ አይባስ ኤም17ኤን የሚባለውን ጥቅል ጫኑ። ስትፈልጉት በላቲን አይ፣ ቢ፣ ዩ፣ ኤስ፣ ሰረዝ፣ ኤም፣ 17፣ ኤን ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ ሜኑው ውስጥ «ኢንፑት ሜተድ» ክፈቱና አይባስን ምረጡ። ወጥታችሁ ተመልሳችሁ ግቡ። «አይባስ ፕሪፈረንስስ» ውስጥ «አድ» ብላችሁ አማርኛን ፈልጉ፤ «ሴራ» የሚለውን ጨምሩ። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከስፔስ ጋር ስትነኩ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይቀያየራል።

አጻጻፉ በድምፅ ነው። ኤስና ትንሿ ኢ «ሰ» ይሆናሉ። ኤስ ብቻዋን «ስ» ናት። አምስተኛው ፊደል በትልቋ ኢ ነው የሚመጣው። «ጤፍ» ለመጻፍ ትልቋን ቲ፣ ትልቋን ኢ፣ ከዚያ ትንሿን ኤፍ ትነካላችሁ። «ሽሮ» ደግሞ ኤክስ፣ አር፣ ኦ ነው። ልጅቷ በአንድ ከሰዓት ለመደችው።

ፎንት ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዊንዶውስ ላይ በኒያላ ወይም በፓወር ግዕዝ ዩኒኮድ የተጻፈ ሰነድ እዚህ ይነበባል፤ ግን ፎንቱ ስለሌለ በሌላ ይተካና ገጹ ወደታች ወይም ወደላይ ይንሸራተታል። ድሮ ዩኒኮድ ሳይሆኑ የተሠሩ ሰነዶች ግን ያለ ፎንታቸው ትርጉም የለሽ ምልክት ሆነው ነው የሚከፈቱት። ለአዲስ ጽሑፍ አቢሲኒካ ሲል የሚባለውን ነፃ ፎንት ከሶፍትዌር ማናጀር ጫኑ። ለመምህር የምትልኩትን በዎርድ ዓይነት ሴቭ አድርጉ፤ ወደ ማተሚያ ቤት የምትወስዱትን ግን በፒዲኤፍ። ልጅቷ የመጀመሪያውን አሳይመንት በዎርድ ፋይል ወስዳ ማተሚያ ቤት ውስጥ ርዕሱ ከገጽ ገጽ ዘልሎ አገኘችው። ተመልሳ ፒዲኤፍ አድርጋ ስትወስደው እንዳለ ታተመ።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ቀሩ። ራማችሁ 4 ጊጋ ወይም ያነሰ ከሆነ «ዚራም» የሚል ጥቅል ፈልጋችሁ ጫኑ፤ ራም ውስጥ ያለውን ጨምቆ ቦታ ያስገኛል። ሁለቱን ሲስተሞች ጎን ለጎን የጫናችሁ ደግሞ ዊንዶውስ ስትገቡ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ ልታዩት ትችላላችሁ። ባትሪ አልሞተም። ሊኑክስ የቦርዱን ሰዓት የሚይዘው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ እኛ ደግሞ ከዚያ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ዊንዶውሱ ኢንተርኔት ሲያገኝ ያስተካክለዋል።

ፍላሹን አታጥፉት። የእኔ ቡና ማቅረቢያው መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። ባለፈው ጎረቤቴ ላፕቶፗ አልነሳ ብሏት ስትመጣ ምንም ሳልነካ መጀመሪያ እሱን ሰካሁት፤ የልጆቿን ፎቶ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ፍላሽ ቀዳሁላት፤ ስለ ፎርማት ያወራነው ከዚያ በኋላ ነው።